ልባችን በአንድ ምት ስንት ይቀዳል?

እስኪ የያዛችሁትን ለአንድ ደቂቃ አስቀምጡና የግራ እጃችሁን መዳፍ ወደ ላይ አዙሩ። የቀኝ እጃችሁን ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ከአውራ ጣታችሁ ግርጌ፣ አንጓው ላይ፣ ቀለል አድርጋችሁ አሳርፉ። አጥብቃችሁ አትጫኑ፤ ትጠፋለች። ትንሽ ታገሱ። መጣች? ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና ያገኛችሁትን በሁለት አባዙ። ቁጭ ያለ ጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ባለው ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ብዙዎቻችሁ 70 አካባቢ እንደምታገኙ እገምታለሁ።

አሁን የሚያስገርመውን ስሙኝ። በእያንዳንዷ ምት ልብ ወደ 70 ሚሊ ሊትር ደም ይገፋል። ሰባ ጊዜ ሰባ 4,900 ነው፤ 5 ሊትር በሉት። በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ጠቅላላ ደምስ ስንት ነው? እሱም 5 ሊትር ገደማ! እንግዲህ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ እናንተ ቁጭ ብላችሁ፣ የደማችሁን ያህል ደም በሙሉ በልባችሁ በኩል አልፏል ማለት ነው። ሌሊቱን ተኝታችሁም እንዲሁ ነው። ማንም አላዘዘው፣ ማንም አላመሰገነው!

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ስፖርት ዕድሜ ያረዝማል የሚባለው ነገር እንዴት እንደሆነ በመጨረሻ ስለገባኝ ነው። “ስፖርት ለልብ ጥሩ ነው” ሲባል ሁላችንም ከልጅነት ጀምረን ሰምተናል። ግን እንዴት? ሮጬ የምመለሰው ልቤን አድክሜ አይደለም እንዴ? ምኑ ነው የተሻለው? መልሱ እጅግ ቀላል፣ እጅግ ደግሞ የሚያምር ሆኖ አገኘሁት፤ እናም ሁላችሁም እንድታውቁት ፈለግሁ።

በመጀመሪያ ሳንባን ከጥፋተኝነት ነፃ እናውጣው። ደረጃ ወጥተን ስናለከልክ “ትንፋሽ የለኝም” እንላለን። ነገር ግን ጤነኛ ሰው ላብ በላብ ሆኖ እየሮጠ እንኳ ከሳንባው የሚነሳው ደም ኦክስጅኑን ሞልቶ ነው የሚነሳው ማለት ይቻላል። ሳንባ ድርሻውን ጨርሷል። የቀረው ያንን ደም እግር ድረስ ማድረስ ነው፤ ይህ ደግሞ የልብ ሥራ ነው። ስለዚህ አብዛኞቻችን ትንፋሽ አጠረኝ ስንል፣ ሳንባችን ሳይሆን ልባችን የማድረስ አቅሙ ጫፍ ላይ ደርሶ ነው።

ታዲያ ጡንቻ በአንድ ደቂቃ የሚያገኘው ኦክስጅን በምን ይወሰናል? በሦስት ነገሮች ብቻ። ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይመታል? በአንድ ምት ስንት ደም ይገፋል? ጡንቻውስ ከደረሰው ደም ውስጥ ምን ያህሉን ኦክስጅን ይወስዳል? ሦስቱን አባዙ፤ አለቀ። ይህን ስሌት አዶልፍ ፊክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1870 አስቀምጦታል። በ1920ዎቹ ደግሞ ኤ. ቪ. ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ጀርባው ላይ ትልቅ ከረጢት ተሸክሞ ሣር ላይ ይሮጥ ነበር። የሚተነፍሰው አየር በቱቦ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ በኋላ ይለካል። ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ ሩጫው በፈጠነ ቁጥር ሰውነት የሚጠቀመው ኦክስጅን ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ብትፈጥኑም አይጨምርም። እያንዳንዱ ሰው የራሱ የኦክስጅን ጣሪያ አለው። የልብና የደም ዝውውር ብቃት ሲባል እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ጣሪያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። አንድ የ25 ዓመት የኦሎምፒክ ሯጭና አንድ የ25 ዓመት ቢሮ የሚውል ወጣት አሉ። የሯጩ ጣሪያ የወጣቱን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከሦስቱ የትኛው ላይ ነው? አብዛኛው ሰው “የሯጩ ልብ በፍጥነት መምታት ስለሚችል ነው” ብሎ ይገምታል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ልብ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛው ቁጥር በስፖርት አይጨምርም። በአብዛኛው የሚወስነው ዕድሜ ነው። ከ220 ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሱ፤ ግምቱን ታገኛላችሁ። ከሰው ሰው ይለያያል እንጂ ለ25 ዓመት ሰው 195 አካባቢ ነው፤ ሻምፒዮን ቢሆንም፣ ሶፋ ላይ ቢውልም። ሁለቱ ልቦች በሙሉ ኃይላቸው ሲመቱ እኩል ነው የሚመቱት!

ታዲያ ምኑ ነው የሚለየው? ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ወዲያው ይገባችኋል። ሁለት ሰዎች ከበርሜል ወደ ባልዲ ውኃ እየቀዱ ነው እንበል። እጃቸው እኩል ይፈጥናል። አንዱ የያዘው ኩባያ ነው፣ ሌላው የያዘው ጆግ። ከደቂቃ በኋላ የማን ባልዲ ይሞላል? የሯጩ ልብ የያዘው ጆግ ነው! ስፖርት ያልለመደ ሰው ልብ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በደቂቃ 20 ሊትር ገደማ ይቀዳል። የታላላቅ የረጅም ርቀት አትሌቶች ልብ ደግሞ 35 ሊትርና ከዚያም በላይ፣ በዚያው የእጅ ፍጥነት።

ይህ ሲገባኝ ሌላውም ነገር በአንዴ ግልጽ ሆነልኝ። አትሌቶች ቁጭ ባሉበት ምታቸው ለምን 50፣ አንዳንዴም 40 ይሆናል? ቁጭ ያለ ሰውነት የሚፈልገው ያው 5 ሊትሩን ነው። ጆግ የያዘ ሰው ምን አጣደፈው! እኛም ከጥቂት ወራት እንቅስቃሴ በኋላ የማለዳ ምታችን ከ70 ወደ 60 ዝቅ ቢል በቀን 14,400 ምት ተረፈ ማለት ነው። ልብ የሚያርፈው በምትና በምት መካከል ነው፤ የልብ ጡንቻ ራሱ ደም በብዛት የሚያገኘውም በዚያችው የዕረፍት ቅጽበት ነው። ምቱ ሲቀንስ ዕረፍቷ ትረዝማለች።

አሁን ደግሞ ኩባያው እንዴት ጆግ ይሆናል? እኔን በጣም ያስደሰተኝ ክፍል ይህ ነው፤ ቀስ ብለን እንሂድ።

ዳገት ላይ ፈጠን ብላችሁ ስትራመዱ የባታችሁ ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ ይኮማተራል። ሲኮማተር ውስጡ ያሉትን ደም መልሶች ይጨምቃቸዋል፤ ደሙ ወደ ላይ፣ ወደ ልብ ይገፋል። ልብ ከወትሮው የበዛ ደም መጣበት። ምን ያደርጋል? ይለጠጣል። የልብ ጡንቻ ደግሞ በተለጠጠ መጠን አጥብቆ የመኮማተር ጠባይ አለው። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክና እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ ያሳዩት ይህንን ነው። ማለትም ብዙ ከመጣለት ብዙ ይሰጣል፤ ከአንጎል ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ በራሱ። አይደንቅም?

ይህ መለጠጥ ሳምንት ከሳምንት፣ ወር ከወር ሲደጋገም የግራው የታችኛው የልብ ክፍል፣ ማለትም ደሙን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋው፣ እየሰፋ ይሄዳል። ግድግዳውም ይጠነክራል፤ ከተኮማተረ በኋላ ቶሎ ይላላል፤ ስለዚህ ቶሎ ይሞላል። ጆጉ መጣ!

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር ይቀድማል። እንቅስቃሴ በጀመራችሁ በቀናት ውስጥ ሰውነት የደሙን ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል። በመጀመሪያው ሳምንት ያስለከለካችሁ ዳገት በሁለተኛው ሳምንት ቀለል የሚላችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ልባችሁ ገና አልተለወጠም፤ የሚሞላበት ደም ግን በዛለት። ቀይ የደም ሕዋሶቹ በሳምንታት ውስጥ ይከተላሉ። በጡንቻዎቻችሁም ውስጥ እንዲሁ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ስሮች ይበቅላሉ፤ ኦክስጅን ተጠቅመው ጉልበት የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎችም ይበዛሉ። ያ ከሦስቱ ሦስተኛው ነው፣ ጡንቻው ከደረሰው ደም የሚወስደው።

ጣሪያው ይህን ያህል የሚሰፋ ከሆነ መጥበቡስ? እሱን የሚያሳየው በአሜሪካ ዳላስ ከተማ በ1966 የተደረገ ጥናት ነው። አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንታት ከአልጋ እንዳይነሱ ተደረገ። አልታመሙም፤ ተኙ እንጂ። ስዊድናዊው ቤንግት ሳልቲንና ባልደረቦቹ ከመተኛታቸው በፊትም በኋላም በደንብ ለኳቸው። የኦክስጅን ጣሪያቸው ከሩብ በላይ ወረደ! በሦስት ሳምንት ብቻ፣ በ20 ዓመታቸው። የትኛው ቁጥር ነው የጎደለው? የምታቸው ከፍተኛ ብዛት ከነበረበት አልወረደም። ልብ በደቂቃ የሚቀዳው ግን ከ20 ሊትር ወደ 15 ሊትር ገደማ አሽቆለቆለ። ጆጉ ኩባያ ሆነ። ከዚያ ለስምንት ሳምንታት አጥብቀው ሠሩ፤ የወረደውን መልሰው ከመነሻቸውም በላይ አለፉ።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ እነዚያው አምስት ሰዎች በ50 ዓመታቸው ተመልሰው ተለኩ። ወፍረዋል፤ የሰውነታቸው ስብ በእጥፍ ጨምሯል። የጣሪያቸው መውረድ ግን? ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ መዋል ካደረሰባቸው ያነሰ! ሠላሳ ዓመት እርጅና ከሦስት ሳምንት መተኛት በታች ሆኖ ተገኘ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እናቶቻችንና አባቶቻችን ታመው ሲተኙ “አርፈው ይተኙ፣ አይነሱ” የምንለውን ነገር በሌላ ዓይን ነው የማየው። ሐኪም እስካልከለከለ ድረስ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ደጃፍ ማለት ትልቅ ነገር ነው።

እስካሁን ስለ ብቃት አወራን፤ ዕድሜስ? ወደ ለንደን እንሂድ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም የልብ ሕመም ለምን እንደበዛ ሲመረምር ዓይኑን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ጣለ። በአንድ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሠራተኞች አሉ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ይነዳል። ቲኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎች። ሁለቱም ያው ለንደን የሚኖሩ፣ ያው መሥሪያ ቤት የቀጠራቸው ወንዶች ናቸው። ሞሪስና ባልደረቦቹ በ31,000 ገደማ ሠራተኞች ላይ ያገኙትን በ1953 አሳተሙ፤ ቲኬት ቆራጮቹን የልብ ሕመም የሚይዛቸው ከሾፌሮቹ ባነሰ መጠን ነበር፤ ቢይዛቸውም ዘግይቶና ቀለል ብሎ።

ጠንቃቃ ሰው እዚህ ላይ መጠየቅ አለበት፤ ምናልባት ከመጀመሪያውም ወፍራሞቹ ሾፌርነቱን፣ ቀጫጭኖቹ ቲኬት ቆራጭነቱን መርጠው ቢሆንስ? ሞሪስም ይህንኑ ጠየቀ። መልሱን የት ፈለገው መሰላችሁ? በደንብ ልብስ መዝገብ ውስጥ! መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሱሪ ሲያሰፋ የወገቡን ልክ ይመዘግብ ነበር። እውነትም ሾፌሮቹ በወገብ ሰፋ ያሉ ሆነው ተገኙ። ሆኖም እኩል ወገብ ያላቸውን ሾፌርና ቲኬት ቆራጭ ሲያነጻጽሩም ደረጃ የሚወጣው የተሻለ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ስለ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች አሰብኩ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ በእጅ ዘንቢል። በየቀኑ የምናማርርበት ደረጃ የለንደኑን ቲኬት ቆራጭ ልብ የጠበቀው ያው ደረጃ ነው። ሞሪስ ራሱ አዘውትሮ የሚሮጥ ሰው ነበር፤ 99 ዓመት ኖሮ በ2009 አረፈ።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች ያወጡት ጥናት አለ። ከ122,000 በላይ ሰዎች የመሮጫ ማሽን ላይ ወጥተው እስኪደክማቸው ተፈትነዋል፤ ከዚያ ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል። ብቃቱ ከፍ ያለ ሰው የመሞት አደጋው ዝቅ ይላል፤ “ከዚህ በላይ ጥቅም የለውም” የሚባል ጫፍም አላገኙም። ዝቅተኛ ብቃት ያመጣው አደጋ ማጨስ ወይም የስኳር በሽታ ከሚያመጣው አይተናነስም ነበር። እኔን የገረመኝ ግን ከታች ያለው ነው። ከሁሉም ዝቅ ያለ ብቃት ከነበራቸው አንድ እርከን ብቻ ከፍ ያሉት፣ ገና ከአማካይ በታች እያሉ፣ የመሞት አደጋቸው በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ሯጭ መሆን አላስፈለጋቸውም! በእርግጥ እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን ምክንያትና ውጤትን አይለይም፤ ጤና የጎደለው ሰው መሮጥም ስለማይችል። ነገር ግን ከዳላስና ከለንደን ጋር ሲደመር፣ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውም ሲታወቅ፣ ነገሩ ይገጣጠማል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ሲባል የልብ ብቻ አይደለም። ደም በፍጥነት ሲፈስ የደም ቅዳዎችን የውስጥ ግድግዳ ይዳስሰዋል። ያ ግድግዳ ዳሰሳው ሲሰማው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙ የደም ቅዳውን ጡንቻ ያላላዋል፤ ደም ስሩ ሰፋ ይላል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። ይህ ጋዝ በደም ስር ውስጥ መልእክተኛ መሆኑን ያገኙት ሦስት አሜሪካውያን በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። የሚሠራ ጡንቻ ደግሞ ስኳርን ከደም ውስጥ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ እንኳ ይወስዳል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ የሚደረግ የ15 ደቂቃ እርምጃ ግፊትንም ስኳርንም በአንድ ጊዜ ይነካል። ደም ግፊትና ስኳር በየቤታችን እየገቡ ባሉበት በዚህ ጊዜ ይህን ያለ ወጪ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ምን ያህል ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በተጨማሪም ቢያንስ በሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። መካከለኛውን ከጠንካራው ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ አፋችሁ ይበቃል። እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ መተንፈስ ካስፈለጋችሁ ጠንካራ ነው።

ቀስ ያለውን ደግሞ እንዳትንቁት! ማለዳ እንጦጦ ጫካ የሄደ ሰው አይቶታል፤ አትሌቶቻችን አንዱ የአንዱን እግር እየተከተለ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል ወዲያ ወዲህ እየተጠማዘዙ፣ እንደ ዝናቸው ሳይሆን በለሰለሰ ሶምሶማ ይሄዳሉ። እነዚያን የሚያህሉ ሰዎች ለምን ቀስ ይላሉ? ልብ በአንድ ምት የሚቀዳው መጠን ገና መካከለኛ ጥረት ላይ እያለን ወደ ከፍተኛው ይጠጋል። ከዚያ በላይ ስንፈጥን በአብዛኛው የሚጨምረው የምቱ ብዛት ነው። ስለዚህ ፈጣን እርምጃም ሆነ ቀላል ሶምሶማ ጆጉን ሞልቶ ይለጥጠዋል፤ ለረጅም ሰዓትም ሊለጥጠው ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ ሲያለከልክ አትሳቁበት፤ ልቡ የጎደለውን በምት ብዛት እየሞላ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ይበል።

አሁን በጣም የምወደው ውጤት ላይ ደረስን። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው፣ የልብ ግድግዳ ይጠጥራል። የጠጠረ ልብ አይለጠጥም፤ ካልተለጠጠ አይሞላም። ታዲያ አንዴ የጠጠረ መልሶ ይለሰልሳል? ሐኪሙ ቤንጃሚን ሌቪንና ባልደረቦቹ፣ እንደገና በዳላስ፣ ይህን ፈተኑ። ስፖርት የማይሠሩ፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 53 የሆነ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ዮጋ፣ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድና ክብደት ማንሳት ሠሩ፤ ግማሾቹ ለሁለት ዓመት ልብን የሚያሠራ ልምምድ ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ወጣ። የሁለተኞቹ የኦክስጅን ጣሪያ 18 በመቶ ከፍ አለ፤ ልባቸውም ለሰለሰ! በሃምሳዎቹ ውስጥ! የመጀመሪያዎቹ ልብ ግን እንደነበረ ነው። ይኸው ቡድን ቀደም ሲል ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን ለአንድ ዓመት አሠርቶ ነበር፤ ብቃታቸው ተሻሻለ፣ የጠጠረው ልብ ግን አልለሰለሰም። ለአረጋውያን መንቀሳቀስ ጥቅሙ እንዳለ ነው፤ ጡንቻቸው ኦክስጅን መውሰድ ይማራል፣ ግፊታቸው ይወርዳል። ነገር ግን 40ዎቹና 50ዎቹ ውስጥ ላለነው በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው፤ ለዚህ ነው ዛሬውኑ ልንገራችሁ የቸኮልኩት።

ልባቸው የለሰለሰላቸው የእነዚያ ሰዎች ሳምንት ምን ይመስል ነበር? አራት ወይም አምስት ቀን ይሠራሉ። አንዱ ቀን ረዘም ያለ ነው፣ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ። ሁለት ሦስቱ ቀን መካከለኛ ነው፣ እየተወራ የሚሠራ ዓይነት። አንዱ ቀን ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ኖርዌዮች ያስፋፉት አራት በአራት የሚባለው። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ፤ ከዚያ ለ4 ደቂቃ ዳገት ላይ ወይም ደረጃ ላይ ማውራት እስኪያቅት መሥራት፤ ከዚያ 3 ደቂቃ ሳይቀመጡ ቀስ ብሎ መራመድ፤ ይህንኑ አራት ጊዜ። መጨረሻ ላይ እንደገና ቀዝቀዝ ማለት። ሰዎቹ ግን በዚህ አልጀመሩም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በመካከለኛው ብቻ ነው የቆዩት።

ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ፣ አዙሮ የሚጥላችሁ፣ የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ ግፊት ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። አገራችን ውስጥ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳ የልብ በር ችግር ብዙ ነው፤ ይህ እንዳለባችሁ የተነገራችሁም እንዲሁ። ለግፊት ወይም ለልብ ብሎ ምትን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከ220 ላይ በመቀነስ የሚገኘው ቁጥር አይሠራለትም፤ በማውራት ይለካ።

እኛ እንግዲህ በመካከለኛው እንጀምር። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መስቀል አደባባይ፣ ደረጃዎቹ ግርጌ። እያወራን 40 ደቂቃ እንሄዳለን፤ ሲያልቅ ወዲያው ምታችንን እንቆጥራለን፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግመን እንቆጥራለን። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት እንደወረደ እያንዳንዳችሁ ጻፉት፤ ልብ እየተሻሻለ ሲሄድ ይህ ቁጥር ይጨምራል። ወረቀትና እስክሪብቶ እኔ ይዤ እመጣለሁ።